ሮቦቱን ያቀፈው አባት

ልጆቻችን የሚጫወቱትን ጨዋታ ሳናውቀው መደገፍ የቆየ በሽታችን ነው። ሕጉ አይገባንም፤ ጭብጨባው ግን ከእኛ ይጀምራል። በሩጫና በእግር ኳስ ያው ጉዳቱ ጉሮሯችን ላይ ነው። የአምቦው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ግን ሌላ ነው።

ጨዋታውን ላስረዳችሁ፤ ለእኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው። በጣውላ የታጠረ ሜዳ አለ፣ ከአንድ ደህና ሳሎን የማይበልጥ። ትንንሽ ኳሶች ተበትነውበታል። በየግጥሚያው አራት ትምህርት ቤቶች ይገባሉ፤ ሁለቱ በዕጣ ተጣምረው ሁለቱን ይገጥማሉ። መጀመሪያ ሮቦቶቹ ማንም ሳይነዳቸው፣ ተማሪዎቹ አስቀድመው በጫኑባቸው ትእዛዝ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ቀጥሎ ልጆቹ ከአጥሩ ውጪ ቆመው በሪሞት ይነዷቸዋል። ኳስ ለቅሞ ቅርጫት ውስጥ ብዙ የከተተ ያሸንፋል። ጨዋታው እስኪያበቃ ግን ሮቦት በእጅ መንካት ክልክል ነው፤ ከተነካ አጥፊው ብቻ ሳይሆን ዕጣ ያጣመረውም አብሮት ዜሮ ያገኛል። ፍርደ ገምድል ትሉ ይሆናል። ጋብቻም እንዲሁ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው ኦቦ ደቻሳ፣ የእጃጂ እህል ነጋዴና የድሮ ወዳጄ ነው። የእጃጂን ሮቦት የምትነዳው ልጁ ሲፈን ናት። ዕጣ ያጣመራቸው ከጊንጪ ልጆች ጋር ሲሆን፣ ካሸነፉ አዲስ አበባ ለፍጻሜ ይሄዳሉ። እየመሩም ነበር።

ድንገት የሲፈን ሮቦት ከሌላው ጋር ተጋጨና በጎኑ ወደቀ። ጎማዎቹ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። ዞር ስል የኦቦ ደቻሳ ወንበር ባዶ ነው። ሰውዬው ጋቢውን እየጎተተ አጥሩን ተሻግሮ፣ ሮቦቱን እንደ ሕፃን አቅፎ አነሳው። አቧራውንም አራገፈለት።

ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ዜሮ።

አንዷ የጊንጪ ልጅ ፊቷን በሹራቧ ሸፈነች። ሲፈን ወለል ወለሉን አየች። «ወድቆ ነበር እኮ» አለ ኦቦ ደቻሳ ለዳኛው፤ ነገሩ ሲገባው ግን አንገቱ ጋቢው ውስጥ ሰጠመ። እኔ ምን አገባኝ? ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሀፍረት ይጋባል።

በኋላ ኦቦ ደቻሳ ከእኔ ጋር ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሳለ ሲፈን ሮቦቷን ይዛ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ዲፋማ፣ ሲፈን ኮ» አላት፤ ይቅርታ፣ የኔ ሲፈን ማለቱ ነው።

«አባ፣ እንደሚወድቅ እኮ አውቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሲወድቅ ራሱን የሚያነሳበት ክንድ ሠርቼለታለሁ። ክረምቱን ሙሉ የለፋሁት ለእሱ ነው። እንድታየው ብዬ ነበር የጠራሁህ።»

እንዲህ የሚያም ስድብ ሰምቼ አላውቅም፤ የባሰው ደግሞ ስድብ አለመሆኑ ነው።

«እስቲ አሁን አሳዪኝ» አላት ኦቦ ደቻሳ።

ሮቦቱን ሲሚንቶው ላይ በጎኑ አስተኛችው። ክንዱ ወጣ፣ መሬቱን ገፋ፣ ተንሸራተተ፤ ሮቦቱ ተመልሶ ወደቀ። ኦቦ ደቻሳ ሁለት እጆቹን ብብቱ ሥር ወሸቀ። ክንዱ እንደገና ገፋ፤ ሮቦቱ እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

«አየህ?» አለችው።

«አየሁ» አለ። ቀና ብሎ እሷን ማየት ግን ተሳነው።