ዝቅ ያለችው መኪና

መኪና ሊገዛ ሲል አገር ምድሩን ምክር የሚጠይቅ ሰው ደስ አይለኝም። ምን ሊደብቅ ነው? እላለሁ።

ጎረቤቴ ሰይድ በሐይቅ ከተማ ያልጠየቀው ሰው የለም። ከፍ ያለችው ክሮስኦቨር ትሻላለች ወይስ ዝቅ ያለችው አውቶሞቢል? ሁላችንም ከፍ ያለችውን አልነው። የአምባሰልን ኮረኮንች የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ይላል? እሱ ግን ዝቅ ያለችውን ይዞ መጣ።

በሳምንቱ ከውጫሌ በላይ ገጠር ያሉት አክስቴ ታመሙና እንዲያወርድልኝ ለመንሁት።

"ወላሂ ደስ ባለኝ፣ ወንድሜ! ግን ዝቅ ያለች ናት፤ ሆዷን ድንጋይ ይነካባታል" አለኝ፣ እርጉዝ ሚስቱን እንደ ጠየቅሁት ሁሉ ተሳቅቆ።

አክስቴ በሰው ትከሻ፣ በቃሬዛ ወረዱ። አልሐምዱሊላህ ዳኑና ልጃቸውን ዳሩ። ለሰርጉ አቀበቱን በእግሬ እያለከለክሁ ስደርስ ከዳሱ አጠገብ ምን ቆሞ ባይ ጥሩ ነው? የሰይድ መኪና! ባለቤቷም ከሙሽራው ቀድሞ ሥጋው ፊት ተቀምጧል።

"እንዴት ወጣች?" አልሁት።

"በዱዓ" አለኝ፣ ቅልጥሙን ከእጁ ሳይለቅ።

ያኔ ገባኝ። ከፍ ያለች መኪና የገዛ የአገሩ አምቡላንስ ይሆናል፤ ዝቅ ያለች የገዛ ግን ሰበብም አብሮ ገዝቷል። እንዲህ ያለ ተንኮለኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስንት ወር አማሁት መሰላችሁ?

በቀደም እኔም መኪና ገዛሁ። ሰይድ ሊመርቅልኝ መጣ። ቀለሟን አላየም፤ አጎነበሰና ከሆዷ እስከ መሬት ያለውን በስንዝሩ ለካ።

"ማሻአላህ!" አለ ቀና ብሎ፣ "ከኔዋም ዝቅ ትላለች።"