የአንጀት መቀጠያ ዘዴ አወዳዳሪ ኮሚቴ ሦስተኛ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00
ቦታ፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሻይ ቤት (የአዳራሹ ቁልፍ ስለጠፋ)

የተገኙ፦
1. የክፍሉ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. አንጋፋው ሐኪም፣ በቅጽል ስማቸው ጋሽ ክሩ
3. ከሥልጠና የተመለሱት ሐኪም፣ በቅጽል ስማቸው ማሽኑ
4. ዝምተኛው ሐኪም (ፈርመው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል)
5. የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ
6. እኔ ጸሐፊዋ፣ ያለ ድምፅ (ድምፅ አልሰጥም ለማለት ነው እንጂ ድምፅስ ሞልቶኛል)

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስቱ አባላት አንድ ከጎደለ መወሰን አይቻልም። ያለፉት ሁለት ስብሰባዎች የተበተኑት በዚሁ ነው። ዛሬ ሁሉም በመሟላታቸው ጸሐፊዋ ደስታዋን ገልጻለች።

አጀንዳ 1፦ ካንሰር ያለበት አንጀት ተቆርጦ ሲወጣ የቀሩት ሁለት ጫፎች በክር ይሰፉ ወይስ በስቴፕለር ማሽን ይያያዙ?

ሰብሳቢው ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን አስረዱ። ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ኮሚቴው ሳይወስን እንዳትቀደድ ስለታዘዘ ሁለት ጊዜ ጾማ በከንቱ ተመልሳለች። ዛሬም እህል አልቀመሰችም።

ጋሽ ክሩ ሠላሳ ዓመት ሲሰፉ አንድም አንጀት እንዳላፈሰሰባቸው ተናገሩ። ማሽኑ፣ የሚቆጥር ስላልነበረ ነው ሲሉ መለሱ። ጋሽ ክሩም «አንተ ልጅ፣ ስቴፕለር ለወረቀት ነው፤ ሂድና ከጸሐፊዋ ጋር ሥራ!» አሉ። ጸሐፊዋ ቅር እንዳልተሰኘች ይመዝገብልኝ።

በዚህ መሃል የኦፕራሲዮን ክፍሏ ሲስተር ገብታ፣ ጓንት አልቋል በማለት የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለች። ታካሚዋ «ዛሬም ካልሆነ መርፌዬን ይዤ እኔው እመጣለሁ» ማለቷንም አስታወቀች። ሰብሳቢው አስተያየቱ በአጀንዳ ስላልተያዘ ወደ ልዩ ልዩ ጉዳዮች አሳለፉት።

የትኛው እንደሚያፈስ ለማየት ሁለቱም ዘዴዎች በብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ላይ ተሞክረው ውሃ ይሞላባቸው የሚል ሐሳብ ቀረበ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ለከመነዳሪው ሦስት ፕሮፎርማ ጠየቁ። ሐሳቡ ወደቀ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ በክር፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ በማሽን፤ እሁድ አንጀት እንዳይቆረጥ ተወሰነ። ጋሽ ክሩ ዛሬ ማክሰኞ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ውሳኔው ከነገ ይጽና፣ ሴትዮዋም ዛሬ በልታ ለነገ ትጹም አሉ። ድምፁ ሁለት ለሁለት ሆነ። የዝምተኛው ሐኪም ዝምታ እንደ ድጋፍ ተቆጥሮ የጋሽ ክሩ ሐሳብ አለፈ።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ውሳኔውን ለታካሚዋ እንድትነግር ሲስተር ተጠራች። «የቷን ሴትዮ? ከኦፕራሲዮን ወጥታ ነቅታለች እኮ!» አለች። ማን ቀደዳት ሲባል በአገጯ ወደ በሩ አመለከተች። ወንበሩ ላይ የነበረው የዝምተኛው ሐኪም ነጭ ጋዋን ብቻ ነበር።

በየትኛው ዘዴ እንደተቀጠለች ጋሽ ክሩና ማሽኑ እኩል ጠየቁ። ሲስተርም «ጎን ለጎኑን በማሽን፣ የቀረውን ቀዳዳ በክር። ዶክተርን ስጠይቃቸው አንጀቷን አይቼ ነው አሉኝ» ብላ ቁልፉን መለሰች። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ለጓንት በሰጡት ቁልፍ ስቴፕለሩ መውጣቱ ያኔ ገባቸው። ታካሚዋ እንደነቃች የጠየቀችው፣ ስፌቱ ጥሩ እጅ ነው ወይ ብላ ነው።

ስለዚህ አራተኛው አባል በሲስተር ቃል ከ2፡10 ጀምሮ ስላልነበሩ ጉባኤው ያልተሟላ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ የጋዋኑ ባለቤት በሌሉበት በአራት ድምፅ ተወስኖ ስብሰባው 6፡20 ላይ ተበትኗል።