የአቶ ፈረደ ዳኛው መዝገብ

ፊቱ የቆመውን ሰው ትቶ ኮምፒውተሩን ብቻ የሚያምን ሹም ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ደብረ ማርቆስ ገጥሞኛል።

አጎቴ አቶ ፈረደ ዳኛው በመሬት ክርክር ተረትተው፣ ይግባኝ ለማለት የውሳኔውን ግልባጭ ፈልገው ከሚኖሩበት ከቁይ መጡ። አብረን የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ገባን። ሹሙ ኮምፒውተሩ ላይ «ፈረደ» ብሎ ጻፈ። «ፍርድ ቤቱ ፈረደ» የሚል መዝገብ ሁሉ ተግተለተለ።

«የአባታቸውን ስም ጨምርበት» አልሁት።

ጨመረ። አሁን ደግሞ «ዳኛው ፈረደ» የሚለው ሁሉ መጣ።

ማሽኑስ ፊደል እንጂ ሰው አያውቅም፤ ምን ይደረጋል? ሹሙን ግን ምን እንበለው?

«መደርደሪያው ላይ ብትፈልገውስ?»

«ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ መደርደሪያ አንነካም» አለና ወደ አጎቴ ዞረ። «አባቴ፣ ስምዎ ለፍለጋ አይመችም። አስቀይረው ይምጡ።»

ብንመላለስም መልሱ ያው ሆነ። የይግባኙ ጊዜ አለፈ፤ መሬቱን ዛሬ ተከራካሪያቸው ያርሰዋል።

በቀደም ልጠይቃቸው ቁይ ወረድሁ። አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሰው እጅ የገባውን ማሳ ያያሉ።

«አንተ የተማርህ ነህ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ማን ተብዬ ብጠራ ኖሮ ነው መሬቴ የሚተርፍልኝ?»