ሊቀመንበር ያስፈለገው ድንጋይ

በአርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ኤልዳና በማርስና በጁፒተር መካከል የሚዞር አንድ ትንሽ ድንጋይ አገኘች። ምሕዋሩ ተለክቶ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ፣ ስም የማቅረቡ መብት የአግኚዋ ነው ተባለ። እሷም የእናቷን ስም መረጠች፤ አበዛሽ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ዳሩ ግን በዳላስ ፎርት ወርዝ አውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡስ የሚነዳው አባቷ ሙሉዓለም ይሉኝታ የሚባል በሽታ ነበረበት። ደስታውን ከአገሩ ልጆች መረዳጃ ማኅበር የደበቀ ሰው በኀዘኑ ቀን ብቻውን እንደሚያለቅስ ያውቃል። ስለዚህ ይመርቁልኝ ብሎ ነገራቸው።

ማኅበሩ ምርቃቱን ትቶ ኮሚቴ አቋቋመ።

ሊቀመንበሩ አቶ ሸምሱ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ባለው አዳራሽ ስብሰባውን ከፈቱ።

«ልጄ፣ ድንጋዩ ላይ ስንት ሰው ይኖራል?»

«ማንም የለም፣ ጋሼ። ማለቴ፣ አየርም የለውም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ሲያስተዳድረው ኖረ?»

ኤልዳና አባቷን አየች። አባቷ ጣራውን አየ።

«ያለ አስተዳዳሪ!» አሉ አቶ ሸምሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ወዲያው ጊዜያዊ አስተዳዳሪ ተመረጠ፤ እሳቸው ራሳቸው።

ከዚያ የስሙ ጉዳይ ተነሣ። ሁሉም የተወለደበትን ወረዳ ወይም የሚደግፈውን መሪ ስም አቀረበ። ኤልዳና የቅርብ ጊዜ ፖለቲከኛ ስም አይፈቀድም ስትል የኮሚቴው ግማሽ የያዘውን የስም ዝርዝር አጥፎ ኪሱ ከተተ። የቀረው ግማሽ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ራሳቸውን «እውነተኛው የድንጋይ ኮሚቴ» አሉ። ወይዘሮ አየለች ስሙ እስኪጸድቅ ድረስ ድንጋዩ መዞሩን እንዲያቆም ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ብቻ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ድንጋዩ ግን መዞሩን ቀጠለ። የመጀመሪያ ጥፋቱ ስለሆነ በማስጠንቀቂያ ታለፈ።

ሙሉዓለምን ቤት ደግሞ ሌላ ሸንጎ ይጠብቀው ነበር።

«የኔ ስም የት ደረሰ?» አለች አበዛሽ።

«ኮሚቴው እያየው ነው።»

«ያገባሁት ኮሚቴውን ነው? ስሜ ሰማይ ደርሶ በሸምሱ እጅ ከወረደ፣ አንተም እሳቸው ዘንድ እደር!»

በሚቀጥለው ስብሰባ ሙሉዓለም ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«ስሙ አበዛሽ ይሁንልኝ።»

«ይሁን» አሉ አቶ ሸምሱ ለስለስ ብለው። «ብቻ የሞትክ ቀን ሚስትህ ብቻዋን ትቅበርህ።»

ሙሉዓለም ተቀመጠ። ይሄኔ ኤልዳና ተነሣች።

«ለምን ትጣላላችሁ? እዚያ እኮ ከሚሊዮን በላይ ድንጋይ አለ።»

አቶ ሸምሱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ከሚሊዮን በላይ?»

«አዎ። አንድ ትልቅ ዓለም ሊሆኑ ነበር። ግን ጁፒተር እየጎተተ በጠበጣቸው፤ አንድ ላይ መሆን አልቻሉም። ሶ፣ ሁሉም ለብቻው ይዞራል።»

«ምስኪኖች!» አሉ ወይዘሮ አየለች ከንፈራቸውን መጠው። «እንደ እኛ ያለ መካሪ አጥተው ነው።»

አቶ ሸምሱ ግን ፊታቸው በራ። «ለአንድ ሰው አንድ ድንጋይ ይደርሳል ማለት ነዋ!»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። «አበዛሽ» የሚለው ስም ያለ ተቃውሞ አለፈ፤ ሰው ሁሉ የራሱን ድንጋይ እያሰበ ነበር። ሙሉዓለም ሚስቱንም ቀባሪውንም ሳያጣ ቤቱ ገባ።

ዛሬ በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል ፍጹም ሰላም ሰፍኗል። ሁሉም ሊቀመንበር ሆኗል። እሑድ እሑድ እያንዳንዱ ሊቀመንበር የየራሱን አዳራሽ ይከፍታል፤ ወንበሩን ይደረድራል፤ አጀንዳውን ያነብባል፤ ከዚያም አባል እስኪመጣ በሩን እያየ ይቀመጣል።