ጉድ ሊቀመንበር

በየሰፈሩ፣ ለቅሶ ቤት አጠገቧ መቀመጥ የሚያስፈራ አንዲት ሴት አትጠፋም። እንባችሁን ሳትጨርሱ ታስቃችሁና በዘመድ አዝማድ ፊት ታዋርዳችኋለች። በጅማ ይህቺ ሴት አዴ ዘይቡ ነበሩ። በዚያ በደርግ ዘመን፣ ሰው ከመሳቁ በፊት ዞር ዞር ብሎ በሚያይበት ጊዜ፣ «ሳቅ ገና አልተወረሰም» ይሉ ነበር፤ ቤቱም መሬቱም ከተወረሰ በኋላ መሆኑ ነው።

አዴ ዘይቡ ቡና ለቃሚ ናቸው። ሴቶቹ መጋዘኑ ወለል ላይ ተኮልኩለው ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ ቀልድ በተራ ይወራል፤ ተራ የሚሰጡትም የሚያርሙትም እሳቸው ናቸው። ያላሳቀችውን «ይቺ ለሬዲዮ ዜና ትሁን» ብለው ያልፏታል። ልያን ግን አጠገባቸው አስቀምጠው ያስተምሯት ነበር። ልያ ከከምባታ የመጣች፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች የጴንጤ ልጅ ናት። ወንድሟ ሆሴዕ ከጸሎት ቤት ተይዞ ታስሮ፣ ሦስት ወር ስንቅ ስታመላልስለት ቆይታ፣ አንድ ዓርብ ምግቡ ሳይነካ ተመለሰላት። ትርጉሙን የነገራት የለም። ያኔ ሞት መሆኑን ለማወቅ ነጋሪ አያስፈልግም ነበር።

«ቀልድ ስትናገሪ ለቅሶ የመጣሽ ምሰዪ» አሏት አዴ ዘይቡ።

«እሱን እንኳ መማር አያስፈልገኝም» አለች ልያ።

ሴቶቹ ሳቁ። ልያ ራሷ ደነገጠች፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሰው ስታስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ማሻአላህ» አሉ አዴ ዘይቡ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

በወር አንዴ የቀበሌው የሴቶች ስብሰባ አለ። ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደሰማያት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግረው «አስተያየት ያላት?» ሲሉ የአዴ ዘይቡ እጅ ቀድሞ ይወጣል።

«ጉድ ሊቀመንበር...»

«ጓድ በሉ፣ እማማ።»

«እሱኑ እኮ ነው ያልኩት፤ ጉድ።»

ሴቱ ሁሉ ነጠላው ውስጥ ይቀበራል። ሊቀመንበሩም፣ አፏን በኦሮምኛ የፈታች አሮጊት ምላሷ እምቢ ቢላት ምን ይደረጋል ብለው ይተዋሉ። አዴ ዘይቡ የመጋዘኑን ካቦ ሲሰድቡ ግን አማርኛቸው አንድ ፊደል አይዛነፍም ነበር።

ልያን አስጠንቅቀዋታል። «ይቺን ቃል እንዳትነኪያት። እኔን ምላሴ ያስምረኛል፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ።»

ሰኔ ላይ ልያ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች። ሳምንቱን ሙሉ የተለማመደችው ስለ ስኳር ሰልፍ ነበር፤ ማንንም የማይነካ ቀልድ። ተነሳች፣ የለቅሶ ፊቷን አስተካከለች።

«ጉድ ሊቀመንበር» አለች።

አስባው አይደለም። መጋዘን ውስጥ ሰውየው ሌላ ስም የላቸውም፤ ምላሷ የለመደውን አወጣ። ማንም አልሳቀም። በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?» አሏት ሊቀመንበሩ።

ይሄኔ አዴ ዘይቡ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አሉ፣ ጥርት አድርገው። «ልጅቷ ከእኔ ሰምታ ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ያቺ አንዲት የተቃናች ቃል የስንት ጊዜውን ሁሉ አጋለጠችባቸው። ለሊቀመንበሩም ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው። ከዚያ አዴ ዘይቡን ወሰዷቸው።

ዓርብ ልያ ስንቅ ቋጥራ እስር ቤቱ በር ቆመች። ለሆሴዕ ስንቅ ታመላልስበት የነበረው ያው በር ነው። ሳህኑ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ እግዚአብሔርን ስትለምን ቆየች። ጠባቂው አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ባዶ ነው፤ ተጠርጎ ተበልቷል።

«ስሚ» አላት፣ እንደተቆጣ። «ይቺን ሴትዮ ጓድ ማለት የሚያስተምራት ሰው የለም? እኔን እኮ ጉድ ነው የምትለኝ።»

ልያ ለቅሶ የመጣች መሰለች።

«ምላሳቸው ነው» አለች፤ ሳህኑን አቅፋ፣ የግንቡን ጥግ እስክትዞር ድረስ ሳቋን ያዘች።