ዋና ክልክል ነው

ሌሊቱን ገንዳ ስቆፍር አደርኩ። በሕልሜ ማለቴ ነው። በእውን የሚቆፍረው አባቴ ነው። እኔ በእውን የምሠራው ሥራ የለኝም፤ ችግሩም እሱ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለቃለ መጠይቅ እቀርባለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ወዲህ «ነይ እስቲ እንይሽ» ያለኝ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ በጊዜ ተኛሁ። ጥቁር ጃኬቴን ተኩሼ ወንበር ላይ ሰቀልኩ፣ ጫማዬን ከሥሩ አስቀመጥኩ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሰማሁና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ስለ አባቴ ገንዳ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ የቱ ሕልም የቱ እውን እንደሆነ አይለይም። አባቴን የሰፈሩ ሰው ቲቸር ላቀው ይለዋል። አዳማ ውስጥ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣ ሰው ዶሮ ያረባል፣ ወይም የዕድር ዳኛ ይሆናል። የእኔ አባት ግን ስልኩ ላይ አንድ ራሰ በራ ፈረንጅ ጓሮው ውስጥ በገዛ እጁ የመዋኛ ገንዳ ሲሠራ አየ። ፈረንጁ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጉድጓዱን ቆፈረ፣ ግድግዳውን በቆርቆሮ አቆመ፣ ወለሉን በአሸዋ ደለደለ፣ ሰማያዊ ላስቲክ አለበሰው፣ ውሃ ሞልቶ ዘሎ ገባበት። አባቴ ከጀመረ ይኸው ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ላስቲኩን ግን ገዝቷል። ላስቲክ ስንለው ይቆጣል።

«ገበር ነው የሚባለው» ይላል። «ኮት ገበር እንዳለው ገንዳም ገበር አለው።»

ገንዳ የለንም እንጂ ስያሜ ሞልቶናል።

ከጉድጓዱ የወጣው አፈር የእኔ ክፍል ደጃፍ ላይ ተቆልሏል። «አባዬ፣ ይሄ ቁልል የጎርፉን መንገድ ዘግቶታል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ወደ እኔ ነው የሚመጣው» ብዬዋለሁ። «ገንዳው ሲያልቅ እናነሣዋለን» አለኝ። እናቴ «ጉድጓዱ ሲሞላ ጥሩኝ» ብላ እህቷ ቤት ሄዳለች፤ በውሃ ይሁን በአፈር አልተናገረችም። የሰፈሩ ልጆች ደረቁ ጉድጓድ ውስጥ እየዘለሉ ሲያስቸግሩት ደግሞ አባቴ አንድ ሰሌዳ በትልልቅ ፊደል ጽፎ አፋፉ ላይ ተከለ፤ «ዋና ክልክል ነው» ይላል። ውሃ በሌለበት።

ይህ ሁሉ እውን ነው። ሕልሙ አሁን ይጀምራል።

ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ እቆፍራለሁ። በቆፈርኩ ቁጥር ጉድጓዱ ወደ ላይ ያድጋል። አጥሩን አለፈ፣ የመብራት ምሰሶውን አለፈ፤ ከሁሉ ጠልቆ የተቆፈረው ቦታ ላይ ስደርስ የአዳማን ጣራ በሙሉ ቁልቁል አየሁት። በመንገዱ ላይ ጎረቤታችን ጋሽ ቱፋ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ጋሪው ላይ ፈረሳቸው ዳማ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ አለንጋ ይዟል።

«ጋሽ ቱፋ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ሥራ ላይ ናቸው፣ አታናግሪያቸው» አለኝ ፈረሱ። ወረደና ራሱ ላይ ቢጫ ቆብ ደፋ። «እኔ የገንዳው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነኝ።»

«ማስረጃ አለህ?»

አራቱን ኮቴዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ አሳየኝ። በአራቱም ላይ ክብ ማኅተም አለ። ምን ይባላል? ቁፋሮዬን አቆምኩ።

«አካፋውን አስቀምጪ» አለ ዳማ። «ሥራ በሥርዓቱ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ምርቃት፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ ገበር፣ ከገበሩ በኋላ ቁፋሮ። ጥናቱ መጨረሻ ላይ ነው።»

«ጥናቱ ገንዳ አያስፈልግም ቢልስ?»

«ያኔ ድጋሚ እናስመርቀዋለን።»

ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ታደለ። ይህን ክፍል ሕልም ብዬ መጻፌ ትንሽ አሳፍሮኛል።

ከዚያ በራችን ላይ ነኝ። የግቢያችን በር ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው መስኮት ተሠርቶ፣ እኔ ከኋላው ተቀምጬ ጥፍሬን እሞርዳለሁ። ከመስኮቱ ውጭ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈዋል። ሁሉም ከረባት አስረዋል፤ ሁሉም ሙሉ ጀሪካን ተሸክመዋል።

«እመቤቴ» አሉ ከፊት ያሉት ሽማግሌ፣ «ስለ ማርያም፣ አንዲት ጀሪካን ብቻ ይቀበሉን። ውሃው እጃችን ላይ ሊያድር ነው።»

በሕልሙ አገር አንቱ የምባለው እኔ ነኝ።

«ሲስተም የለም» አልኩ ቀና ሳልል።

«መቼ እንመለስ?»

«እሱን ሲስተሙ ነው የሚያውቀው። መታወቂያህ ታድሷል?»

«አዎ እመቤቴ፣ ትናንት ነው ያሳደስኩት።»

«ያልታደሰ ነው የምንቀበለው። ቀጣይ!»

ከሕልሙ ሁሉ ይህችን ክፍል ቢደግሙልኝ አይሰለቸኝም። ነገር ግን ዳማ በጎን በር እያስገባቸው ኖሮ ወደ ኋላ ዞር ስል ገንዳው ሞልቷል። ውሃው ከአፋፉ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የሚይዘው ግድግዳ ገና አልተሠራም። አባቴ ከውሃው ሥር ብቅ አለ። የማስተማሪያ ኮቱን ለብሷል፤ ጠመኔው ኪሱ ውስጥ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልነካችውም። የሰማያዊውን ገበር ጫፍ ሰጠኝ።

«ምንቴ፣ ያዢ! ይጥበቅ!»

ምንታምር ነው ስሜ። በሁለት እጄ ይዤ ወጠርኩ።

«ከለቀቅሽው ይሸበሸባል» አለ። «የተሸበሸበ ገበር ማየት አልፈልግም። እኔ ከሥር ሆኜ ሽብሻቡን አፍታታለሁ።» ከገበሩ ሥር ገባና ተሰወረ። እዚያ ሥር ወዲህ ወዲያ ሲል ከላይ ጉብታ ሆኖ ይታያል።

ቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ የመጡት ያኔ ነው። ሦስት ናቸው፤ አንድ ዋና ኃላፊና ሁለት ምክትሎች። ጃኬታቸውን ገልብጠው ገበሩን ወደ ውጭ ለብሰውታል። ሁለቱ ምክትሎች፣ አንድ ቀጭን ወንድና አንዲት ደልዳላ ሴት፣ ሰሌዳውን አልፈው ገንዳው አፋፍ ላይ መጥተው ልክ እኔ ቤት ውስጥ በመስተዋት እንደተለማመድኩት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ።

«ስለ ራሳችሁ ንገሩኝ» አልኳቸው ገበሩን እንደወጠርኩ።

«ምንም አናውቅም» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ጥሩ ነው። የሥራ ልምድ?»

ቀጭኑ አንገቱን ደፋ። «አሥራ ምናምን ዓመት» አለ በሹክሹክታ።

«እኛ የምንፈልገው ዜሮ ዓመት ነው። ማስታወቂያ አታነቡም እንዴ?»

ቀጭኑ አለቀሰ። ደልዳላዋ መሐረብ አቀበለችው።

«አንቺስ? ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ነው የምታይው?»

«እዚሁ፣ ጥልቁ ጋ፣ እመቤቴ።»

«ዋና ትችያለሽ?»

«ጭራሽ።»

«አልፈሻል። አሁን ወደ እኔ ጉዳይ እንምጣ። የእኔን ቅጥር ማን ነው የሚፈርመው?»

ሁለቱ ተያዩ። «ዋናው ናቸው» አለ ቀጭኑ። «ብዕሩም እሳቸው ጋ ነው። እሳቸው ከፈረሙ ሥራው የእርስዎ ነው።»

«የታሉ ታዲያ?» ሳላስበው እኔም አንቱ ማለት ጀመርኩ። ብዕር የያዘ ሰው ሲጠራ አንቱታው በራሱ ይመጣብኛል።

«ሰሌዳው ጋ ቆመዋል። አልገባም ብለዋል።»

አንገቴን አዙሬ አየሁ። ዋናው ኃላፊ ትልቅ ሰውዬ ነው። የአባቴ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል።

«ዋና ክልክል ነው ይላል» አለኝ አዝኖ። «እኔ ደግሞ ዋና ነኝ።»

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ ስለ መዋኘት ነው። ላልቶ ነው የሚነበበው።»

«የላላው የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝ።»

ሰሌዳውን አየሁት። የትም ጋ አልላላም። የትም ጋ ደግሞ አልጠበቀም። ፊደላችን ስንት ሰው አለፋ፣ ይህን ግን አይናገርም።

«በአገባቡ ይታወቃል» አልኩ። በዩኒቨርሲቲ ምንም ሳላውቅ ስቀር የምጽፈው መልስ ነው።

«እኔ በአገባብ አልገባም። ሲጠብቅ እኔ ነኝ፣ ሲላላ ውሃው ነው። ጠብቆ ቢሆንና ብገባ ነገ ማን ይጠየቃል?»

«እኔ እጠየቃለሁ!»

«እርስዎ ገና አልተቀጠሩም። ያልተቀጠረ ሰው አይጠየቅም።»

«እንግዲያው ይፈርሙልኝና ልጠየቅ።»

«ልፈርም ብገባ እኮ ነው የሚያስጠይቀኝ።» አሰበ፣ ፊቱ በራ። «ለምን ምክትል አያደርጉኝም? ምክትሎች ገብተዋል።»

«ምክትል ከሆኑ መፈረም ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ምን ያደርጉልኛል?»

«ተጠባባቂ ዋና ቢሆኑስ?» አለ ዳማ፣ ቆቡን ከፍ አድርጎ።

«ተጠባባቂ ይጠብቃል እንጂ አይገባም» አሉ ሁለቱ ምክትሎች።

ገበሩን ይዤ ወደ ሰውዬው መሄድ አልችልም፤ ብለቀው ይሸበሸባል። ሰውዬው ደግሞ የብዕሩን ክዳን መለሰና ሰዓቱን ማየት ጀመረ። የቀረኝ አንድ ሰው ነው፤ ሰሌዳውን የጻፈው።

«አባዬ!» አልኩ ጉብታውን። «ሰሌዳህ ላይ ያለው ‹ዋና› ይጠብቃል ይላላል?»

ጉብታው ቆመ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ድምፁ ከገበሩ ሥር። «ክፍሉ ምን ይላል?»

«ክፍል የለም አባዬ! ሰውዬው ሊሄድ ነው!»

«በዐረፍተ ነገር አስገቢልኝ።»

«ዋናው ካልገባ ሥራ አላገኝም!»

ጉብታው እንደገና ወዲህ ወዲያ አለ። «ቆንጆ ዐረፍተ ነገር ነው» አለ። «ግን በሁለቱም ይሄዳል።»

ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶኝ መራመድ ጀመረ። እኔ ደግሞ መጠበቅ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፤ በየትኛውም ትርጉሙ።

«ምንቴ፣ እንዳትለቂ! ይጥበቅ!»

«ይላላ!» ብዬ ጮህኩና ለቀቅኩት።

ገበሩ እንደ ጥፊ ጮኸ። ውሃው ከተቀመጠበት ተነሣ። ሰሌዳውን ዞር ብሎ አነበበ፣ እንደ ጨዋ ሰው ራሱን ነቀነቀ፣ «እዚህ ክልክል ከሆነ ሌላ ቦታ እንሄዳለን» አለና ገንዳውን ትቶ ወደ ቤታችን አመራ። ዳማ ሄደ፣ ከረባቶቹ ሄዱ፣ ሁለቱ ምክትሎች እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳጣጠፉ ተንሳፍፈው ሄዱ። ዋናው ኃላፊ በጀርባው እየተንሳፈፈ አጠገቤ ደረሰ። አሁን ሁለቱንም ሆኗል። ብዕሩን ከፈተ።

«የት ጋ ልፈርም?» አለኝ።

«እጄ ላይ!»

እጄን ዘረጋሁ። የብዕሩ ጫፍ መዳፌን ነካኝ፤ ቀዘቀዘኝ፤ በጣም ቀዘቀዘኝ፤ ነቃሁ።

እጄ ከአልጋው ወርዶ ውሃ ውስጥ ነው። ነግቷል። ውሃው ከፍራሼ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ይገኛል። አንዱ ጫማዬ ቀስ ብሎ በአልጋዬ አጠገብ አለፈ፣ በመስኮቱ በኩል ዞረ፣ ተመልሶ መጣ። ወንበሩ ወድቋል። ጃኬቴ ክፍሉ መሀል እጆቹን ዘርግቶ፣ ገበሩን ወደ ላይ አድርጎ በደንብ ይዋኛል።

በሩ ተገፋ። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ራሱ ላይ ፌስታል አጥልቆ ቆሟል። ፊቱን እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«አይዞሽ፣ አትደንግጪ!» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። እኔ ግን ማታውኑ ገበሩን ጉድጓዱ ላይ ወጥሬበት ነበር። አሁን ገልጬ አየሁት። አንዲት ጠብታ አልገባችበትም፤ አሸዋው እንኳ አልረጠበም። ዋናው ተርፏል!»

ጃኬቴን አየሁት። አባቴን አየሁት።

«ይጥበቅ ወይስ ይላላ?» አልኩት።

ዐይኑ እንባ አቀረረ። ይህን ጥያቄ ከአንድ ተማሪ አፍ ለመስማት ዕድሜውን ሙሉ ነው የጠበቀው።

«ጎበዝ!» አለኝ። «ይላላ።»