የቀትሯ አህያ አሸነፈች

[በሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ከሸሕዲ ከተማ ወረድ ብላ ያለች አንዲት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት። የግንቦት ረፋድ ነው፤ ቆርቆሮው ከሙቀት የተነሣ ይንጣጣል። የግዥ ኮሚቴው ሰብሳቢ ትዕዛዙ ጠረጴዛው ላይ ቅጽ ዘርግቷል። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ባየልኝ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው፣ ባርኔጣቸውን እያራገቡ ቆመዋል። በበሩ በኩል አንዲት አህያና ባዶ ጀሪካኖች ይታያሉ።]

ትዕዛዙ፦ አያ ባየልኝ፣ አህያ ተሽከርካሪ ናት።

ባየልኝ፦ አህያ አህያ ናት፣ ልጄ።

ትዕዛዙ፦ ዕቃ ትጭናለች?

ባየልኝ፦ ትጭናለች።

ትዕዛዙ፦ ትሄዳለች?

ባየልኝ፦ ከፈቀደች።

ትዕዛዙ፦ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ ሁሉ ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ የሚሞላው ይኸ የተሽከርካሪ ኪራይ ቅጽ ነው። ሌላ ቅጽ የለኝም።

ባየልኝ፦ ቅጹን ተወውና የጋሪውን ቁልፍ ስጠኝ። ጋሪው የቀበሌው ነው፤ እደጅህ ኒም ዛፏ ላይ በሰንሰለት አስረኸዋል። አህያዋን ባለቤቷ ውባንች "በነፃ ይውሰዷት" ብላ ሰጥታኛለች። ስምንት ጀሪካን ጭኜ ወንዝ ወርጄ ልመለስ። የጤና ጣቢያው ቧንቧ ከተበላሸ ሳምንት አለፈው። ዛሬ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ አዋላጇ ስርጉት እጇን የምትታጠብበት ውሃ እንኳ የላትም።

ትዕዛዙ፦ ምን አሉ? በነፃ?

ባየልኝ፦ በነፃ።

ትዕዛዙ፦ በነፃ የሚባል ዋጋ የለም። ዜሮ ያቀረበ ከጨረታ ይወጣል።

ባየልኝ፦ እሺ፣ አንድ ብር በለው።

ትዕዛዙ፦ አንድ ብር ደግሞ ያጠራጥራል። ኦዲተሩ "ምነው እንዲህ ረከሰች፣ በሽተኛ ናት እንዴ?" ይለኛል።

ባየልኝ፦ ኧረ ትዕዛዙ፣ ሴትዮዋ እኮ ማን መሰለችህ...

ትዕዛዙ፦ [ሁለት ጆሮውን ይዞ] ስሟን እንዳይጠሩ። ባለፈው ወር ሸሕዲ ሦስት ቀን ሙሉ የሠለጠንኩት ለምን ይመስልዎታል? ተጠቃሚውን ያወቀ ገዥ ያዳላል። ዘመዴ ብትሆንስ?

ባየልኝ፦ ብትሆንስ?

ትዕዛዙ፦ የጥቅም ግጭት ይባላል። ግዥው ይሰረዛል፤ እኔም ከኮሚቴው እወጣለሁ።

ባየልኝ፦ አለማወቅ ይሻልሃል ማለት ነው?

ትዕዛዙ፦ ያላወቀ ሰው ንጹሕ ነው።

ባየልኝ፦ እንዲያ ከሆነማ አንተ ጻድቅ ነህ።

[ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል። ትዕዛዙ አየት አድርጎ ጥሪውን ይዘጋዋል።]

ትዕዛዙ፦ የማላውቀው ቁጥር፤ ከጧት ጀምሮ ስምንተኛ ጊዜው ነው። አቅራቢዎች ናቸው። ጨረታ ሊወጣ መሆኑን ሰምተው ሊደልሉኝ ነው።

ባየልኝ፦ የአህያ ጨረታ መኖሩን ማን ነገራቸው?

ትዕዛዙ፦ የነጋዴ ጆሮ አይታወቅም። እንቀጥል። የተሠራችበት ዘመን?

ባየልኝ፦ አህያዋ?

ትዕዛዙ፦ ተሽከርካሪዋ።

ባየልኝ፦ ሰሊጥ የረከሰ ዓመት ነው የተወለደችው።

ትዕዛዙ፦ [እየጻፈ] የተሠራችበት አገር?

ባየልኝ፦ ሱዳን። እናቷን ተከትላ በጋላባት ድልድይ በኩል ገባች።

ትዕዛዙ፦ [ብዕሩን አስቀምጦ] ከውጭ የገባች ናት? ቀረጥ ተከፍሎባታል?

ባየልኝ፦ ድልድዩ ላይ ማንም አልጠየቃትም። ቀና ብላ ነው ያለፈችው።

ትዕዛዙ፦ ይኸን አልሰማሁም። ነዳጅ?

ባየልኝ፦ የማሽላ አገዳ።

ትዕዛዙ፦ ማስነሻ?

ባየልኝ፦ እሱ እንኳ ቀላል ነው። ሱዳን ስለተወለደች አማርኛ አትሰማም። "ሂጂ" ብትላት ትቆማለች፤ "ቁሚ" ብትላትም ትቆማለች። የምትሄደው በዓረብኛ "ያላ" ስትላት ብቻ ነው።

ትዕዛዙ፦ [እየጻፈ] ማስነሻ፦ ያላ። ጥሩ፣ ቁልፍ አይጠፋባትም። ቀጥሎ... ጋሪውን የሚጎትተው ስም?

ባየልኝ፦ የአህያ ስም? እንጃ፣ ውባንች "አንቺ" ነው የምትላት።

ትዕዛዙ፦ ይኸ መስመር ባዶ ይቆይ። አሸናፊው ሲታወቅ ይሞላል።

ባየልኝ፦ አሸናፊው? ያለችው እኮ አንድ አህያ ናት። የሌላው ሰው አህያ ሁሉ ለእርሻ ካምፖች ውሃ ሊያመላልስ ወጥቷል። ባጃጆቹም ነዳጅ አጥተው ቆመዋል።

ትዕዛዙ፦ ሦስት ፕሮፎርማ ከሌለ ግዥ የለም።

ባየልኝ፦ ከማን ጋር ትወዳደር?

ትዕዛዙ፦ ከአህዮች ጋር።

ባየልኝ፦ የሉም።

ትዕዛዙ፦ እንግዲያው ይምጡ።

ባየልኝ፦ ልጄ፣ ሴትዮዋ አምጣ አምጣ ደክማለች። ማን እንደሆነች ባወቅህ ኖሮ...

ትዕዛዙ፦ [ጆሮውን ይዞ] አያ ባየልኝ!

ባየልኝ፦ [ወደ አህያዋ እያዩ] ይቺ አህያ ደግሞ አንዲት ናት ለማለትም ያስቸግራል። ጧት ሌላ ናት፣ ቀትር ሌላ፣ ማታ ሌላ። ጧት ሳታዛት ትነጉዳለች። ማታ ወደ ቤቷ ስለሆነ ትሮጣለች። ቀትር ላይ ግን ጥላ ስር ከቆመች፣ ታቦት ወጥቶ ቢለምናትም አትነቃነቅም።

ትዕዛዙ፦ [ከወንበሩ ተነሥቶ] ይኸው ሦስት!

ባየልኝ፦ ምኑ ነው ሦስት?

ትዕዛዙ፦ ሦስት ተወዳዳሪ። የጧቷ አህያ፣ የቀትሯ አህያ፣ የማታዋ አህያ።

ባየልኝ፦ እንዴ! አራት እግር ነው ያላት፣ አሥራ ሁለት አይደለም።

ትዕዛዙ፦ ጠባያቸው ይለያያል?

ባየልኝ፦ ይለያያል።

ትዕዛዙ፦ ፍጥነታቸውስ?

ባየልኝ፦ እጅግ።

ትዕዛዙ፦ በቃ። አምና ወንበር ስንገዛ ሦስቱም ፕሮፎርማ በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ነበር፤ የጠየቀ የለም። እነዚህ ቢያንስ በሰዓት ይለያያሉ። የጧቷ ስንት ትላለች?

ባየልኝ፦ ጉድ ነው። መቶ ብር በል።

ትዕዛዙ፦ የማታዋ?

ባየልኝ፦ ሰማንያ።

ትዕዛዙ፦ የቀትሯ?

ባየልኝ፦ የማትሄድ አህያ ምን ታወጣለች? አሥር ብር።

ትዕዛዙ፦ [ማኅተም መትቶ] ዝቅተኛ ዋጋ። የቀትሯ አህያ አሸነፈች። ለመንግሥት ዘጠና ብር አተረፍኩ።

ባየልኝ፦ ያሸነፈችው የማትሄደዋ ናት እኮ!

ትዕዛዙ፦ ቅጹ ላይ "ትሄዳለች ወይ?" የሚል ጥያቄ የለም። መሄድ አለመሄዷ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው፤ አፈጻጸም የሌላ ኮሚቴ ነው።

ባየልኝ፦ እሺ፣ ቁልፉን አምጣ።

ትዕዛዙ፦ አይቸኩሉ። የጧቷና የማታዋ ቅሬታ ካላቸው አምስት የሥራ ቀን እንጠብቃቸዋለን።

ባየልኝ፦ ምጥ አምስት ቀን ይጠብቃል?

ትዕዛዙ፦ በደብዳቤ ጊዜ ይራዘምልኝ ትበል። ይኸ ሁሉ የእቅድ ጉድለት ነው። ሚስቴን አገኘሽን ይመልከቱ። ሰኔ ሃያ ነው የምትወልደው፤ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። በአራተኛው ሩብ ዓመት፣ በጀት ሳይዘጋ።

ባየልኝ፦ ዛሬ የት ናት?

ትዕዛዙ፦ ትናንት "ወገቤን አመመኝ" ብላ እናቷ ቤት ሄዳለች።

ባየልኝ፦ እናቷ ቤት ከጤና ጣቢያው ጋር አጥር ለአጥር አይደለም?

ትዕዛዙ፦ ነው። ምነው?

ባየልኝ፦ ምንም። ስም አይጠሩ ብለኸኛል።

[ስልኩ እንደገና ይጮኻል።]

ትዕዛዙ፦ ይኸ አቅራቢ ደግሞ አይሰለቸውም። ይኸው ዘጠነኛው ነው።

ባየልኝ፦ እስቲ ቁጥሩን አሳየኝ። [ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው] ይኸማ የስርጉት ነው። አዋላጇም ጨረታ ገባች እንዴ?

[ስልኩ ይጮኽ ይጮኽና ይቆማል።]

ትዕዛዙ፦ አያ ባየልኝ... ያቺ ምጥ የያዛት ሴት...

ባየልኝ፦ ስሟን አልጠራም። ንጹሕ ሁነህ ቆይ።

ትዕዛዙ፦ ይጥሩት እባክዎ።

ባየልኝ፦ ግዥው ይሰረዛል።

ትዕዛዙ፦ ይሰረዝ።

ባየልኝ፦ ከኮሚቴው ትወጣለህ።

ትዕዛዙ፦ ወጥቻለሁ።

ባየልኝ፦ በቃለ ጉባኤ ይያዝ?

ትዕዛዙ፦ በእመቤቴ በማርያም፣ አያ ባየልኝ!

ባየልኝ፦ አገኘሽ ናት። ከጧት ጀምሮ ልነግርህ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ጆሮህን ያዝህ።

[ትዕዛዙ ስልኩን ከባየልኝ ተቀብሎ ይደውላል።]

ትዕዛዙ፦ ሃሎ፣ ስርጉት... እ... ደህና ናት?... ገና ነው?... ውሃ ብቻ። እሺ... አዎ፣ ዘጠኝ ጊዜ እንደደወልሽ አይቻለሁ... አይ፣ አቅራቢ መስለሽኝ ነው... እሺ፣ ልክ ነሽ። በእሱም ልክ ነሽ። [ስልኩን ዘግቶ] ፈራሁ፣ አያ ባየልኝ።

ባየልኝ፦ መፍራትህ ደግ ነው። የመጀመሪያ ልጅ እንዲህ ያደርጋል። አሁን ቁልፉን አምጣ።

[ባየልኝ ቅጹን ከጠረጴዛው አንሥተው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ሁለቱም ይወጣሉ። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ትዕዛዙ ሰንሰለቱን ፈትቶ ጀሪካኖቹን ይጭናል። አህያዋ ኒሟ ጥላ ስር ዓይኗን ጨፍናለች።]

ትዕዛዙ፦ ያላ!... ያላ!... ያላ አልኩሽ እኮ አንቺ!

ባየልኝ፦ አትድከም። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ይቺ የቀትሯ ናት፣ አሸናፊዋ።

ትዕዛዙ፦ የጧቷስ?

ባየልኝ፦ ቅጽ ስንሞላ አለፈች።

ትዕዛዙ፦ የማታዋስ?

ባየልኝ፦ እሷ ገና አልመጣችም። ቅሬታም ይኖራት ይሆናል።

[ትዕዛዙ አህያዋን ያያል፤ ጋሪውን ያያል፤ የጤና ጣቢያውን መንገድ ያያል። ኮቱን አውልቆ ኒሟ ላይ ይሰቅልና በአህያዋ ቦታ ይገባል።]

ትዕዛዙ፦ ይያዙልኝ፣ ጀሪካኖቹ እንዳይወድቁ።

ባየልኝ፦ [ጋሪው ላይ ወጥተው ቅጹን ከኪሳቸው ያወጣሉ] ቆይማ። ያ ባዶ የተውኸው መስመር ነበር። "ጋሪውን የሚጎትተው ስም።"

ትዕዛዙ፦ የፈለጉትን ይጻፉ!

ባየልኝ፦ [እየጻፉ] ት-ዕ-ዛ-ዙ። ዋጋ?

ትዕዛዙ፦ በነፃ!

ባየልኝ፦ በነፃ የሚባል ዋጋ የለም ብለኸኛል።

ትዕዛዙ፦ አያ ባየልኝ፣ ሚስቴ ናት!

ባየልኝ፦ አውቃለሁ፣ ልጄ፤ ስለዚህ ነው የመጣሁት። ስርጉትም ጧት ስትልከኝ "ጋሪውን የሚጎትት ነገር ፈልገው ይምጡ" አለችኝ እንጂ አህያ አላለችም።

[ቅጹን አጥፈው ባርኔጣቸው ውስጥ ይከቱና ተደላድለው ይቀመጣሉ።]

ባየልኝ፦ ያላ።